ካሜራ የሌለው ኮምፒውተር

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ ለዓለምጸሐይ ወልደ ሰንበት፤ ባለሽበት ቤይሩት።

እታለሜ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? በሳሙናው የተላጠው እጅሽ ዳነልሽ ወይ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? ከመርዶው ወዲህ እህል እንደተውሽ ሰምተን አባባ በጣም አዝነዋል፤ "እሷንም እንዳላጣ ንገሩልኝ" ብለዋል። እኛ በሥጋችን ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የእማን የአርባ ቀን ተዝካር ባለፈው ቅዳሜ አወጣን።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስሽ ለዕረፍት መጥታ የነበረችው የጌጤ ልጅ ቤተልሔም ናት። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ አቃተኝ።

ነገሩ የኮምፒውተሩ ነው። ባለፈው ጥቅምት ላፕቶፕ ግዛበት ብለሽ የላክሽልኝ ገንዘብ ሲደርሰን፣ እማ "እኔ ሳላይ አይመረጥም" ብላ ተነሣች። ጎረቤታችን አማረች ሱዳን ያለውን ልጇን በአንድ ዘመድ ኮምፒውተር ፊቱን እያየች አነጋግራው ነበርና፣ "ሲስቅ ጥርሱ ሁሉ ይታያል" ብላ ነግራታለች። እማ ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ አልነበራትም። አንቺን ካየች ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር።

በማለዳው አውቶቡስ ከመካነ ኢየሱስ ተነሥተን ባሕር ዳር ሄድን። ባዩ የሚባል ሻጭ ሁለት አወጣልን። አንዷ ትንሽ፣ አዲስ፣ ከላይ ካሜራ ያላት ናት። ሌላው ጥቁር፣ ከባድ፣ ቢሮ ውስጥ ሲሠራበት የቆየ፣ ጠርዙ የተፋፋቀ ነው፤ ካሜራ የለውም። እማ ቀጥታ "ልጄ የምትታየኝ በየትኛው ነው?" አለችው። ባዩ ትንሿን ከፍቶ ካሜራዋን አበራላት። እማ የገዛ ፊቷን ስታይ ነጠላዋን አስተካከለች። ፈገግ ብላ፣ "አርጅቻለሁ ለካ" አለች።

እኔ ግን ስለ ፕሮሰሰሩና ስለ ሚሞሪው እጠይቅ ነበር። ባዩ ምን እንደምማር ጠየቀኝ። ሲቪል ምሕንድስና መሆኑን ስነግረው፣ "እንግዲያው ትንሿ ለጽሑፍ ናት እንጂ ለአንተ አትሆንም፤ የሕንፃ ንድፍ ስትከፍትባት ቀጥ ትላለች። ጥቁሩን ውሰድ" አለኝ። እውነቱን ነው። ቀና ብዬ እማን ማየት ግን አቃተኝ። ነገሩ ገብቷት ነው መሰለኝ፣ "ለትምህርቱ የሚሆነውን ስጠው። እኔ በስልኩም ድምጿን እሰማለሁ" አለችው ለባዩ። ያን ጊዜ ባዩ፣ ለብቻው የሚሸጥ፣ የሚሰካ ካሜራ እንዳለ፣ እሱ ዘንድ ግን እንዳለቀ ነገረን። እኔም ለፋሲካ ገዝቼ እንደምመጣ፣ ኢንተርኔት ወዳለበት ወደ ደብረ ታቦር ወስጄ ከአንቺ ጋር እንደማገናኛት ቃል ገባሁላት።

እታለሜ፣ ካሜራው ከዩኒቨርሲቲ ግቢያችን በር ፊት ለፊት ካለው ሱቅ መስታወት ውስጥ ነበር። በየቀኑ አየዋለሁ፤ ዛሬ ነገ እያልሁ አለፍሁት። ጥር ላይ እጄ ገንዘብ ሲገባ ጫማ ገዛሁበት። እማ በደወለች ቁጥር "ያች ዓይን ተገዛች?" ትለኛለች፤ ካሜራውን ዓይን ነበር የምትለው። ተገዝታለች አልኋት። አንቺም "እማን መቼ ነው የማያት?" ስትዪኝ፣ ኔትወርክ አስቸግሮ ነው ያልሁሽ ውሸት ነበር።

መጋቢት መጨረሻ ላይ ሆዷን አመማት። ጨጓራ ነው ብላ ጠበል ስትጠጣ ቆየች። ሚያዝያ አራት ቀን አረፈች። እኔ ስደርስ ቀብሯ አልፏል። ዳሱ ውስጥ አማረች አጠገቤ ተቀምጣ፣ እማ ሳትታመም በፊት ፀጉሯን እንደተሠራች ነገረችኝ። "በጾሙ ምን ነካሽ? ብላት፣ ጥበቡ ያችን ዓይን ገዝቷል፣ ለፋሲካ ዓለሜን ያሳየኛል አለችኝ" አለች። ልታጽናናኝ ብላ ነው። ተነሥቼ ወጣሁ።

ለአባባ ሁሉንም ነገርኋቸው። የድጓ ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። ሰሙኝና፣ "ይህን ለእኔ አይደለም የምትናገረው፤ ለእህትህ ጻፍላት" አሉኝ። ራት ሲቀርብ ግን ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ትምህርቱን ልተወው ብላቸውም እሺ አላሉም፤ ከነገ ወዲያ ለፈተና እመለሳለሁ።

እማ ከቀበሌ መታወቂያዋ በቀር ፎቶግራፍ የላትም። እሱኑ በትልቁ አሳትሜ ከደብዳቤው ጋር ልኬልሻለሁ። ደብዘዝ ብሏል። የተነሣችውም አንቺ በሄድሽበት ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሸብታ፣ ጉንጯም ጎድጉዶ ነበር። እንዴት እንደነበረች ልጽፍልሽ ሞክሬ ሰረዝሁት።

ይቅር በዪኝ ለማለት አፍ የለኝም። እኔን ባታናግሪኝም ለአባባ መደወሉን አትተዪ።

አባባ "እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ በጸሎት አልለይሽም" ይሉሻል። አማረችና ጌጤ በእንባ ሰላም ይሉሻል። ትንሿ እህታችን ሰብለ ጉንጭሽን ትስምሻለች። ስትሄጂ ሕፃን ስለነበረች መልክሽን አታስታውስም፤ እማ ትነግራት በነበረው ነው የምታውቅሽ። አሁን እኔን ትጠይቀኛለች።

ወንድምሽ ጥበቡ ወልደ ሰንበት
መካነ ኢየሱስ፣ እስቴ
ግንቦት 16 ቀን 2003 ዓ.ም.