ልጆቹን የት ልውሰዳቸው?

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 1
ዝናብ። ገበያው ቀዝቃዛ። የሳሙና ጭነት ገባ፤ ከደገፉ ጋር ስናራግፍ ዋልን። ማታ ከወራቤ ስልክ ተደወለ። የባለቤቴ የሁሪያ እናት ወድቀው እግራቸው ተሰብሯል። ሁሪያ ነገ በጠዋት ትሄዳለች።
"ልጆቹስ?" አልኳት።
"አባት አላቸው" አለች፣ ልብስ እያጣጠፈች።
እኔን ማለቷ ነው።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 3
ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ሰልዋ ስድስት ዓመቷ፣ ኢስማኤል አራት። ለካ እስከዛሬ የማውቃቸው ተኝተው ነው... ተኝተው ትቻቸው እወጣለሁ፣ ተኝተው አገኛቸዋለሁ። ሲነቁ ሌሎች ሰዎች ናቸው።
እንቁላል ጠበስኩ። "እማ እንዲህ አትሠራም።" ሻይ አፈላሁ። "እማ እንዲህ አትሠራም።" ይዣቸው ሱቅ ሄድኩ። ደገፉ ስንት ዓመት አብረን ሠርተን ዛሬም በአማርኛ ሴቱንና ወንዱን ያምታታል። "ሳሊህ፣ ሰልዋ ሳሙና ሰልፍ አስይዟል" አለኝ። እውነቱን ነው። ካርቶኑን ከፍታ እስከ በሩ ደርድራዋለች። ደንበኛ እየዘለለ ይገባል።
ሁሪያ ደወለች። "እንዴት ናችሁ?"
"ደህና ነን። እሑድ ሽርሽር እወስዳቸዋለሁ።"
ምን አስባለኝ? ሶዶ ውስጥ ልጅ የት ይወሰዳል?

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 5
ስልኬን ጠየቅኩ። "ሶዶ የልጆች መዝናኛ" ብዬ ጻፍኩ። መጀመሪያ አዲስ አበባን አመጣልኝ። ቀጥሎ የጉራጌውን ሶዶ ወረዳ። ከዚያ ዱባይን... ዱባይ ከሱቁ ይርቃል።
በመጨረሻ ቲክቶክ ላይ አንድ ወጣት "ሶዶ ውስጥ ልጆች የሚወዷቸው ቦታዎች" እያለ ሲያወራ አገኘሁት። ካፌ፣ ግቢው አረንጓዴ፣ ሸርተቴ አለው። ነገ እንሄዳለን።

እሑድ፣ ሐምሌ 6
ሸርተቴው አለ። ሥሩ ዶሮ እንቁላል ታቅፋለች። ባለቤቱን ስለ ቪዲዮው ብጠይቀው፣ "እሱማ የድሮ ነው" አለ።
ኢስማኤል ወጣ። መውረድ ግን አልፈለገም። ለመንኩት፣ ብስኩት አሳየሁት... ወይ ፍንክች። ላወርደው ወጣሁ። ስንወርድ እሱ አለፈ፣ እኔ መሃል ላይ ተቀረቀርኩ። ሁለት አስተናጋጆች እግሬን ይዘው ጎተቱኝ። ሰልዋ ሳሩ ላይ ተንከባላ ሳቀች። እንዲህ እንደምትስቅ አላውቅም ነበር።
ማታ ሁሪያ ስለ ሽርሽሩ ጠየቀችኝ። "በጣም ጥሩ ነበር" አልኩ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 7
ደገፉ በቴሌግራም የሶዶ ወላጆች የሚያወሩበት ግሩፕ እንዳለ ነገረኝ። ልጁ አባል ናት። ገባሁ። በስሜ ግን አይደለም፤ ግማሹ ከተማ ደንበኛዬ ነው። "አባት ነኝ" ብዬ ተመዘገብኩ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ልጆቹን የት ልውሰዳቸው? እናታቸው የለችም። ወንዱ ከሸርተቴ መውረድ አይችልም። እኔም።"
መልስ ጎረፈ። አንዱ አጆራ ፏፏቴ ይላል። የአራት ዓመት ልጅ ይዤ ገደል አፍ? አንዷ እናትየው የት እንደሄደች ማወቅ ፈለገች። አንዱ ሸርተቴው ይሸጥ እንደሆን ጠየቀ።
ቢጫ አበባ ፎቶ ያላት ሴት ብቻ፣ "ባጃጅ ተከራይ። ቁም ሲሉህ ቁም፣ ሂድ ሲሉህ ሂድ" አለች።
"አንተ" አለችኝ እኮ። የማታውቀውን ሰው። ደፋር ናት።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9
እንዳለችው አደረግኩ። ኢስማኤል መጀመሪያ ያስቆመን ላቫጆ ፊት ለፊት ነው። አይሱዙ ሲታጠብ አየን። ጭቃው ሲወርድ፣ አረፋው ሲወጣ... ከዚያ ሌላ አይሱዙ መጣ። እሱንም አየን። ሰልዋ ልብስ ሰፊዋ ወይዘሮ ትዕዛዝ ጋ አስቆመች፤ ቁርጥራጭ ጨርቅ በፌስታል ሞልተው ሰጧት። ቀጥሎ ፍየል። ፍየሏ ጋ ብዙ ቆየን። የባጃጁ ሹፌር ጭምር ወርዶ አየ።
ለአበባዋ ምስጋና ጻፍኩ።
"ፍየሏ ምን ዓይነት ነበረች?" አለች።
"ጥቁር። ግንባሯ ላይ ነጭ አላት።" ለካ አስተውያለሁ።

እሑድ፣ ሐምሌ 13
ዛሬም በአበባዋ ምክር ቦዲቲ ሄድን። "እዚያ ምን አለ?" ብላት፣ "ለልጅ ዋናው ሚኒባሱ ነው" አለችኝ። እውነቷን ነው። ኢስማኤል መስኮቱን ይዞ ያየውን ላም ሁሉ ሰላም አለ።
ቦዲቲ ስንደርስ ዝናቡ ወረደ። አንድ በረንዳ ሥር ቆመን ትኩስ የተቀቀለ ቦዬ፣ እንደ ድንች ያለውን የዚህ አገር ሥር፣ በላን። ሰልዋ ቦዬዋን እየላጠች፣ ቀና ሳትል፦
"አባ፣ እማ የሄደችው እኔ ስለምረብሽ ነው?"
ቦዬዬን አስቀመጥኩ።
"ማን አለሽ?"
"ማንም። ከመሄዷ በፊት ጮኻብኝ ነበር።"
አያትሽ እግራቸው ተሰብሮ ነው አልኳት። ቦዬዋን መላጧን ቀጠለች። ያመነች አልመሰለኝም። ይህን ሁሉ ቀን ይዛው ነው ሳሙና የምትደረድረው?
ከመግሪብ በኋላ ለአበባዋ በግሏ ጻፍኩላት። "ትልቋ እናቷ ጥላት የሄደች መስሏታል። ምን ልበላት?" አንብባዋለች። ልትጽፍ ትጀምራለች፣ ትተወዋለች... በመጨረሻ መጣ፦
"ነገ በቪዲዮ ደውል። የአያቷን እግር ታሳያት። ሰልዋ በዓይኗ ካላየች አታምንም።"
ደጋግሜ አነበብኩት።
የሰልዋን ስም ለማንም ጽፌ አላውቅም።

ሰኞ፣ ሐምሌ 14
ደወልን። አማቴ ጄሶ የለበሰውን እግራቸውን ወደ ስልኩ አቀኑ። ሰልዋ በደንብ መረመረችው። "ያሳክካል?" አለች። "በጣም" አሉ። ከዚያ ሁሪያ ስልኩን ይዛ ብዙ ነገር አለቻት፤ ሰልዋ "እሺ፣ እሺ" እያለች አፍንጫዋን ጠረገች። ስትጨርስ ተነስታ ሄዳ ወንድሟን መታችው። ደህና ሆናለች።
ስልኩን ተቀበልኩ።
"ሽርሽሩ እንዴት ነው?" አለች ሁሪያ።
"ሸርተቴ ላይ ተቀርቅሬ ነበር።"
"ሰምቻለሁ።"
"እኔ መሆኔን ከመቼ ጀምሮ አወቅሽ?"
"'እኔም' ካልክበት ሰዓት። ሶዶ ውስጥ እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ሌላ ሰው አለ?"
"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"
"ስልክ ላይ 'ደህና ነን' ብቻ ነው የምትለኝ። እዚያ ግን ታወራኛለህ።"
እናቷ ከጀርባ፣ "ከማን ጋር ነው የምትሽኮረመሚው?" ሲሉ ተሰማኝ።

እሑድ፣ ነሐሴ 4
መጣች፣ አልሐምዱሊላህ። እናቷ በክራንች መራመድ ጀምረዋል። ልጆቹ ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ጎትተው ላቫጆ ወሰዷት። "ምኑን ነው የማየው?" ትላለች። "ዝም ብለሽ እይ" ይላታል ኢስማኤል። ቆማ አየች።
ስንመለስ፣ "ሁሌ እኔ ነኝ የምይዛቸው። እኔም ሱቁን ማየት አምሮኛል" አለችኝ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7
የረቡዕ ከሰዓት የእኔ ሆነ። ሱቁ የሁሪያ።
ዛሬ ልጆቹ የተወለዱበትን ማየት ፈለጉ። ኦቶና ሄድን። ሆስፒታሉ በር ላይ ኢስማኤል ዘበኛውን፣ "እኔን ታውቀኛለህ?" አለው። ሰውየው ጎንበስ ብሎ አየው። "አድገህብኝ እኮ ነው" አለው። ልጁ ደረቱን ነፍቶ ዋለ።
አመሻሽ ላይ ሱቅ ደረስን። ደገፉ እየሳቀ ወደ ጎን ወሰደኝ። ከቤሌ ከተማ የሚመጣው ደንበኛችን መጥቶ እኔን አጥቶ፣ "ሳሊህ የት ሄደ?" ብሎ ጠይቋል። ሁሪያ ዘይት እየቆጠረች ነበር።
"ሁሪያ ቀና እንኳ አላለም" አለኝ ደገፉ። "'ሥራ ላይ ነው' አለው።"