የተሰረዘው የተስፋይ ቃል

እሑድ፣ መጋቢት 5 ቀን 1991፣ አውሮራ

ንዴቴ እስካሁን አልበረደም። እዚህ አሜሪካ ያለው የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን መጽሔት ዛሬ ታደለ። ስለ ድንበሩ ጦርነት የጻፍኩት አለበት፤ ስሜም ከሥሩ አለ። ግማሹ ግን የለም።

ለዚህ የዳረገኝ ኮሌጅ የምማረው የታሪክ ክላስ ነው። እዚያ ያነበብነው አንድ የጥንት ግሪክ ጸሐፊ የአገሩን ጦርነት ሲጽፍ የጠላትንም ንግግር አስቀምጧል። የጦር አዛዥ ሆኖ ከተማ አስነጥቆ ከአገሩ የተባረረ ሰው ነው፤ ይኸው ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ይነበባል። እኔም እንደ እሱ ልጻፍ ብዬ ኤርትራዊውን ጓደኛዬን ተስፋይን የእነሱን ወገን እንዲነግረኝ ለመንኩት። ኤርፖርት አብረን ታክሲ እንነዳለን። "ተወኝ ባክህ" ሲለኝ፣ "አንዲት ቃል አልቀንስም" ብዬ ማልኩለት። በኤርትራ በኩል ግንባር ያለው ወንድሙ፣ አዲስ አበባ አብረውት የተማሩት ልጆች ከፊት ለፊቱ ምሽግ ውስጥ ይኖሩ ይሆን እያለ እንደሚጨነቅ ነገረኝ።

ሰብሳቢያችን ጋሽ ታደሰ ይህን ሁሉ ሰርዘውታል። ከቅዳሴ በኋላ ፓርኪንግ ላይ ያዝኳቸውና "ማንን ጠይቀው ነው?" አልኳቸው።

"የእኔም የወንድሜ ልጅ እዚያው ምሽግ ውስጥ ነው" አሉኝ። "እናቱ ይህን ታንብብ?"

ትቻቸው ሄድኩ። እውነታቸውን መሆኑ ደግሞ ይብስ አናደደኝ። የመኪናዬን በር ጓ አድርጌ ዘጋሁት እንጂ ምን አደረግኩ?

ከሰዓት በኋላ ተስፋይ ደወለ። "ወጣ እንዴ? አንድ ኮፒ ያዝልኝ፣ ለእናቴ እልክላታለሁ" አለኝ።

መጽሔቱ ጭኔ ላይ ነበር።

"ገና አልታተመም" አልኩት።