ለተኛ ቦዬ ድምፅ የማያሰሙት ወ/ሮ ማሪጋ ዳሶ

ወ/ሮ ማሪጋ ዳሶ ከአባታቸው ከአቶ ዳሶ ኬምባይና ከእናታቸው ከወ/ሮ ያሪ፣ በሞርሄድ ወንዝ ዳር በምትገኘው በዋንዳሚ መንደር እ.ኤ.አ. በ1956 ተወለዱ። ቀኑን የመዘገበ የለም። እናታቸውን ቦዬ ሲቆፍሩ ምጥ እንደያዛቸው ግን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። እስከ ማክሰኞ ጠዋት ሲቆጡን የነበሩ ሰው ዛሬ "ነበሩ" ተብሎ ይነበብላቸዋል? ማን ያምናል!

በሚሲዮን ትምህርት ቤት እስከ አራተኛ ክፍል ተማሩ። አንድ ቀን አስተማሪው "መስኮት መስኮቱን ምን ታያለሽ?" ቢሏቸው፣ "ካንጋሮ እርሻችን ገብቷል!" ብለው ሮጠው ወጡ። በዚያው ቀሩ።

በ1975 ከአቶ ሴምባ ጋር ተጋቡ። እኅት ሰጥቶ እኅት መቀበል ወጋችን ነውና፣ በዚያው ቀን የአቶ ሴምባ እኅት ለወ/ሮ ማሪጋ ወንድም ተዳሩ። ወ/ሮ ማሪጋና አቶ ሴምባ ሊዲያንና ናክሬን ወልደው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል።

በእርሻቸው ላይ በእባብ ነገር ቀልድ አያውቁም ነበር። "በዱላ ሳትመቺ እጅሽን ሣር ውስጥ ትሰጃለሽ? ዓይን የለሽም?" እያሉ ያላስለቀሱት ቆፋሪ የለም። ጎተራ ሲደርሱ ግን ድምፃቸው ይጠፋል። ቦዬ ተቆፍሮ ጎተራ ከገባ ይተኛል፤ የቀሰቀሱት ቦዬ ደግሞ ይበሰብሳል ብለው አባቶቻችን አስተምረውናል። የሊዲያ ባል አንዴ ጎተራው ውስጥ ቢያስነጥስ፣ "አንተ ሰው፣ ሁለተኛ ስትመጣ አፍንጫህን እቤትህ ትተህ ና!" ብለው በሹክሹክታ አባረውታል።

በ1997 ድርቅ ገብቶ ሜዳው ሲሰነጣጠቅ ሰው ሁሉ የዘር ቦዬውን ቀቅሎ በላ። ወ/ሮ ማሪጋ ግን የጎተራቸውን በር ዘግተው ደጃፉ ላይ ተኙ። ወንድማቸው ሳይቀሩ "ሰው እየተራበ አንቺ ቦዬ ታስተኛለሽ? ጨካኝ!" አሏቸው። እሳቸውም "ዝናቡ ሲመጣ ታዲያ ምን ልንቀብር ነው? እኛኑ?" ብለው መለሱ። ዝናቡ መጣ፤ ለየቤቱ ዘር አደሉ። ዛሬ በዋንዳሚ ዘሩ ከዚያ ጎተራ ያልወጣ ቦዬ የለም።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት የምሳ ቦዬ ሊያወጡ ሄዱ። ዱላቸውን እንደ ልማዳቸው በሩ ላይ አስደግፈው፣ ኮሽ ሳይሉ ገቡ። እባቡ ከዘሩ ክምር ሥር ተጠምጥሞ ነበር። እጃቸውን ሲነክሳቸው ያየችው ሊዲያ ብትጮህ፣ "ዝም በይ! ይነቃሉ" አሏት። እግዚኦ፣ ያን ሰዓት እንኳ! እጃቸው ታስሮ በታንኳ ወደ ጤና ጣቢያ ሲወሰዱ፣ ገና መንገድ ላይ ሳሉ በ63 ዓመታቸው ዐረፉ። ዕድሜ ልካቸውን "እባብ! እባብ!" ሲሉ የኖሩ እናት በእባብ! ክው ብለን ቀርተናል።

የለቅሶው ቦዬ ከሟች ጎተራ መውጣት ስላለበት ትናንት በሩ ላይ ተሰበሰብን። እባቡ አልወጣም። ናክሬ "እሳት አምጡ፤ ከነእባቡ ይቃጠል!" ብላ ጮኸች። ሊዲያም "ዘሩስ? እማዬ የተራበችለት ዘር?" ብላ በሩን በጀርባዋ ከለለች። በጸጥታ እንዳንገባ ሞት አለ፤ እንዳንጮህ ደግሞ ወጉ አለ። ደርቀን ቆምን።

ያኔ አቶ ሴምባ ተነሡ። በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ድምፃቸው ከፍ ሲል የሰማ የለም። የሚስታቸውን ዱላ አንሥተው ግድግዳውን ይደበድቡት ጀመር። "ተነሡ! ሁላችሁም ተነሡ! እሷ ተኝታለች፤ እናንተ ምን ያስተኛችኋል!" እያሉ። ሰው ጆሮውን ያዘ። እባቡ በግድግዳው ሥር ሾልኮ ወጥቶ ተገደለ። አቶ ሴምባም ዱላውን ታቅፈው ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ።

ወ/ሮ ማሪጋ ባለቤታቸውን፣ ወንድማቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ከቀብር መልስ እያንዳንዱ ቤት የድርሻውን ዘር ከጎተራው ይወስዳል። አደራ፣ ስትገቡ በሩን ምቱ፤ ዱላው እዚያው ተደግፏል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ጸጥ ባለ ቦታ ያሳርፍልን። እማማ ማሪጋ፣ ይተኙ። ማንም አይቀሰቅስዎትም።