የአባባ ማሳና ገለባው

ይድረስ ለወንድምዬ፣

እንደምን ከርመሃል? ሚስትህና ልጆችህስ ደህና ናቸው? እኛ ዝናቡ ከመዘግየቱ በቀር ደህና ነን።

አባባ ግን አንጀቴን እያሳረረው ነው። የግብርና ባለሙያዋ ማሳውን ሳናርስ በገለባ እንድንሸፍነው መከረችን፤ እርጥበት ይይዛል አለች። ከጎረቤት ሁሉ ቀድሞ «እሺ» ያለው እሱ ነው፤ ገለባውንም በገዛ እጁ በተነው። በማግስቱ «ማነው ማሳዬን ያቆሸሸው?» ብሎ ጠርጎ አወጣው። መልሼ በተንኩት፤ መልሶ ጠረገው። ሦስት ጊዜ! ወገቤ ተቆረጠ። «ራስህ አይደለህ እንዴ የበተንከው?» ስለው፣ «እኔ? በእኔ አታላክኪ» ይለኛል። ባለሙያዋ ግትርነት ነው ትላለች። እኔም ግትርነት ነው እላለሁ። ግትር እንደሆነ አንተም ታውቃለህ።

ትናንት ለአራተኛ ጊዜ ስበትን መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ለጠብ ስዘጋጅ፣ ጎንበስ ብሎ አብሮኝ ይበትን ጀመር። «ጎበዝ ነሽ» አለኝ፤ «የማን ልጅ ነሽ?»

ቀልዱ ነው ብዬ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ለአጨዳ እመጣለሁ ብለህ ነበር። አጨዳውን እኔ እወጣዋለሁ። አንተ ገና ዘሩ ሳይበቅል ና፤ ፊትህን ይየው።

ልጆቹን ጉንጭ ጉንጫቸውን ሳምልኝ።

እህትህ