በመስኮት በኩል ለምትማረው ተማሪ የፈተና ወንበር ስለ መለመን

ለክቡር ዶክተር መርስዔ ኀዘን
የኮሌጃችን ዲን
ባሕር ዳር

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነብተዋል? ጤናዎ፣ ሥራዎ፣ ሰፊው ቢሮዎስ ደኅና ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ ተጣብቀን ስለምንውል ለመውደቅ እንኳ ቦታ የለንም።

ባለፈው ሰኞ «ክራውድድ» የተባለውን የእንግሊዝኛ ቅጽል አስተማርሁ። ሰው ያጨናነቀውን ቦታ ይገልጻል ብዬ፣ የገበያውንና የጥምቀቱን መንገድ ምሳሌ ልደረድር ስል ተማሪዎቹ ዙሪያቸውን አይተው ሳቁ። በሃያ ዓመት የማስተማር ዘመኔ ያለ ምሳሌ የገባ ቃል ይህ ብቻ ነውና፣ ለአርባ ሰው በተሠራ ክፍል ሰማንያ ሁለት ተማሪ ስለ መደቡልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ይሁን እንጂ ሆድ ያስባሰኝን ልዘርዝር፦

፩. ክፍሉ ለሁለት ይከፈልልን ብዬ ሦስት ጊዜ ባመለክት፣ ክቡርነትዎ ውስጥ ያሉት ሁሉ ስለ ተቀመጡ ክፍሉ «ክራውድድ» ሊባል አይችልም ብለው ጻፉልኝ። በመስኮት በኩል ቆመው የሚማሩት ዐሥራ አንዱ ውጭ ናቸውና አይቆጠሩም አሉ። እኔ ይህን ያህል ዘመን ሳስተምር ይህ ትርጉም አምልጦኝ ኖሯል።

፪. ውጭ የቆመ ሁሉ ቀሪ ይባል ብለው አዘዙ። ከዐሥራ አንዱ አንዷ፣ ሰብለ ወንጌል፣ የደቅ ደሴት ቄስ ልጅ ናት፤ ሰንበትን ቤተሰቦቿ ዘንድ ውላ ሰኞ በጀልባ እስክትደርስ፣ ወንበሩ ሁሉ ገና በማለዳ በደብተር ተይዞ ይቆያታል። ስሟን ስጠራ ከመስኮቱ ሥር አቤት ትላለች፤ ጎረቤት ክፍል ድረስ ይሰማል። መዝገብዎ ግን ዐሥር ሰኞ ቀሪ አድርጎ ከማጠቃለያ ፈተና አግዷታል።

፫. ትርፍ ክፍል የለም ተብያለሁ። የእንግዳ መቀበያው አዳራሽ ግን ዓመቱን ሙሉ እንደ ተቆለፈ ነው። ኧረ ለመሆኑ ይህ እንግዳ መቼ ነው የሚመጣው?

እውነቱን ልንገርዎ፣ አንጀቴ አርሯል! ይህች ልጅ በአንድ እጇ ጃንጥላ፣ በአንድ እጇ እስክሪብቶ ይዛ በዝናብ ስትማር ዐይቻለሁ። ፈተናው ዓርብ ነው። የምለምንዎ እገዳዋን የምታነሣ አንድ ፊርማ ብቻ ነው።

ጀርባውን ከሰሌዳው አጣብቆ የሚያስተምረው፣ ስለ አዲሱ ትርጉም ውለታዎን የማይረሳው፣
ትሑት አገልጋይዎ
መምህር ፍሬ ስብሐት

ማስታወሻ፦ ቃሉን በዓረፍተ ነገር አስገቡ ብዬ የቤት ሥራ ሰጥቼ ነበር። ሰብለ ወንጌል ደብተሯን በመስኮት አቀበለችኝ፦ «ክፍላችን ክራውድድ አይደለም፤ እኔ የለሁበትም» ይላል። ሙሉ ማርክ ሰጥቻታለሁ፤ ትርጉሙን ግን ያስተማርኋት እኔ አይደለሁም።