«አይሆንም» የተባሉት የሽጉጥ ፈታሽ

ዛሬ የምንሸኛቸው አጎታችን ከቁልፍ ሠሪው አባታቸውና በሆስፒታል ልብስ አጣቢነት ይሠሩ ከነበሩት እናታቸው በ1940 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱት ከአባታቸው ሱቅ በስተጀርባ ባለችው ክፍል ነው። ለቤቱ ሁለተኛና የመጨረሻ ልጅ ሲሆኑ ታላቃቸው እናቴ ናት። እሷ እንደምትለው አሻንጉሊት ተገዝቶላቸው አያውቅም፤ የተበላሸ ቁልፍ ግን ሞልቶላቸው ነበር። ፈትተው ይገጥሙታል፣ ገጥመው ይፈቱታል። ቁልፉ ቢከፈትላቸውም እንኳ ቀድሞ ለምን እምቢ እንዳለ ካላወቁ እንቅልፍ አይወስዳቸውም ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ገብተው የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ተከታተሉ። በጽሕፈት ደካማ፣ በሒሳብ ደህና፣ በዝምታ አንደኛ ነበሩ። አብረዋቸው አንድ ወንበር ላይ የተቀመጡት ጓደኛቸው ደግሞ አፋቸው የማይዘጋ፣ ቁመታቸው ገና በልጅነታቸው ከአስተማሪው የሚበልጥ ነበሩ፤ እስከ ዛሬም «ሎጋው» እያልን እንጠራቸዋለን። አንዱ እያወሩ አንዱ እያዳመጡ አብረው አደጉ። አጎታችን ከዚያ በሙያ ትምህርት ቤት የብረታ ብረት ሥራ ተምረው በ1960 ዓ.ም. ተመረቁ። በዚያው ዓመት ሁለቱም በአንድ የጥበቃ ድርጅት ተቀጠሩ፤ ሎጋው በዘበኝነት፣ አጎታችን በመሣሪያ ጠጋኝነት።

ጥቂት ዓመታት እንደሠሩ የድርጅቱ የሽጉጥ ፈታሽ ሆነው ተመደቡ። ሥራቸው የትኛው የሽጉጥ ዓይነት ለዘበኞች ይገዛ፣ የትኛው በድርጅቱ በር አይለፍ የሚለውን መወሰን ነበር። በግቢው ጥግ ግድግዳዋ በአሸዋ ጆንያ የተደገፈ ጠባብ ክፍል ተሰጠቻቸው። ሻጮች አዲስ ሽጉጥ በተወለወለ ሣጥን ይዘው ይመጡና ሁለት ሦስት ጊዜ ተኩሰው «ይኸው!» ይላሉ። አጎታችን ግን ሽጉጧን ተቀብለው የግቢውን አቧራ ይነሰንሱባታል። በኮት ኪሳቸው ከክርና ከዳቦ ፍርፋሪ ጋር አክርመው ያወጧታል። ከዚያ እጃቸውን ሳሙና ቀብተው፣ በግራ እጅ፣ ላላ አድርገው ይዘው ይተኩሳሉ። አንድ ሻጭ «አሁን እንዲህ አድርጎ የሚይዝ ማነው?» ብሎ ቢቆጣ፣ «የፈራ ሰው» አሉት።

የተተኮሰውን ቀለሃ ሳትተፋ የምትነክስ፣ ካዝናዋ ጥይት አላቀብል የሚላት፣ ቃታዋ ሲሳብ ጭጭ የምትል ሽጉጥ ሁሉ ከዚያች ክፍል የምትወጣው በአንዲት ቃል ነበር፤ «አይሆንም»። ቃሏ ውላ አድራ የራሳቸው መጠሪያ ሆነች። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ በስጦታ ያገኟትን ባለ ብር እጀታ ሽጉጥ በኩራት አስፈትሸው፣ «ለግድግዳ ትሆናለች» ተብለው ተመልሰዋል። ለወራት ሰላምታ ነፈጓቸው። ሰው ሽጉጡ ሲነቀፍበት ልጁ የተሰደበበትን ያህል ይከፋዋልና አጎታችን በሥራቸው ብዙ ወዳጅ አላፈሩም።

ፍርዳቸው ግን በችኮላ አልነበረም። መሣሪያ ሲከሽፍ በመጀመሪያ ጥይቱን፣ ቀጥሎ የያዘውን እጅ፣ ሽጉጡን በመጨረሻ ጠርጥሩ ይሉ ነበር። ቃታ ተስቦ ዝም ሲልም ለማየት አይጣደፉም። አንዳንድ ጥይት ዘግይቶ ስለሚፈነዳ አፈሙዙን ወደ አሸዋው እንዳዞሩ ትንፋሻቸውን ውጠው ይጠብቃሉ። ፍተሻውን ለምን ይህን ያህል እንደሚያጠብቁ አንድ ቀን ብጠይቃቸው፣ «ባዶ እጁን ያለ ሰው ይሮጣል፤ የሚከሽፍ ሽጉጥ የያዘ ግን ተማምኖ ይቆማል» አሉኝ። በሥራ ዘመናቸው «ይሆናል» ብለው የፈረሙባቸው ዓይነቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

በ1966 ዓ.ም. ከአንዲት ልብስ ሰፊ ጋር ትዳር መሠረቱ። ሚዜያቸው ሎጋው ነበሩ፤ ለሙሽራው የተመደበውን ንግግር ጭምር እሳቸው ተናግረው ጨርሰዋል ይባላል። ባለቤታቸው ሳቂታ እንደነበሩ፣ አጎታችንንም በሰው ፊት የሚያስቁት እሳቸው ብቻ እንደነበሩ እናቴ ትናገራለች። ልጅ ሳይወልዱ በስድስተኛው ዓመት በሕመም አረፉ። የልብስ መስፊያ መኪናቸው ከነክሩ እስከ ዛሬ መስኮቱ ሥር አለ፤ አጎታችን ሞላውንና መርፌውን በዘይት ያሹት ነበር እንጂ ማንም እንዲሰፋበት አልፈቀዱም። እናቴ ለሥራ ርቃ በሄደች ጊዜ እኔን ወስደው ያሳደጉኝ በዚያ ቤት ነው። እንደ አባት ልብስ ገዝተውልኛል፣ እንደ እናት ፀጉሬን ጎንጉነውልኛል። ሹሩባው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አይሆንም ነበር።

በእነዚያ ዓመታት የቤታችን ድምፅ ሎጋው ነበሩ። የእረፍት ቀናቸው በደረሰ ቁጥር መጥተው ከአጎታችን ጋር በቆርኪ ዳማ ይጫወታሉ። ሎጋው ሲያሸንፉ ጎረቤት ይሰማል። አጎታችን ሲያሸንፉ ቆርኪውን ዝም ብለው እንደገና ይደረድራሉ፤ ሎጋውም «ኧረ ተው፣ አሸናፊ እንኳ ሁን እንጂ!» ብለው ይጮሁባቸዋል።

በ1978 ዓ.ም. ሎጋው ይጠብቁት በነበረው የጨርቃ ጨርቅ መጋዘን ዘራፊዎች ገቡ። ጊዜው ሠራተኛው ሁሉ ለምሳ የወጣበት ነበር። ሎጋው ሽጉጣቸውን መዘዙ፤ ጥይት ግን አልወጣም። ዘራፊዎቹ ጣቃውን ጭነው ሄዱ። ሎጋው ለአጣሪው ኮሚቴ የሰጡት ቃል፣ «ቃታውን ሳብኩ፣ ከሸፈብኝ» የሚል ነበር። የያዟት አጭር ጥቁር ሽጉጥ ደግሞ አጎታችን «ይሆናል» ብለው ካሳለፏቸው ጥቂት ዓይነቶች አንዷ ናት። ኮሚቴው ሽጉጧን ለአጎታችን ሰጥቶ ፈትሸው እንዲያስረዱ አዘዘ።

በቀጠሮው ቀን አጎታችን ኮሚቴው ፊት ቆመው ጥፋቱ የሽጉጧ እንደሆነ ተናገሩ። ያ ዓይነት ሽጉጥ በሙሉ ከዘበኞች እጅ እንዲሰበሰብም አሳሰቡ። ሎጋው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። አጎታችን ግን «መጀመሪያ ያሳለፍከው አንተ አይደለህም ወይ?» ተባሉና ከፈታሽነታቸው ተነስተው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወሩ። ከዚያ ወዲያ ለዘበኞች ጫማና ቀበቶ ያድሉ ነበር። «አይሆንም» የሚለው ቅጽል ስማቸውም ትርጉሙ ተገለበጠና እሳቸው ራሳቸው የማይሆኑ ተደርጎ ይነገር ጀመር። በተሰበሰበችው ፈንታ የተገዛችው አዲሷ ሽጉጥ ቀለሃ የምትነክስ ሆና ስትገኝ፣ ማንም ሳያዛቸው ከሥራ ሰዓት ውጭ እየተቀመጡ ቀለሃ ስቦ የሚያወጣውን ጥርስ አንድ በአንድ በሞረድ አስተካክለዋል። ለምን እንደሚደክሙ ያኔ አልገባኝም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሎጋው ወደ ቤታችን መጥተው አያውቁም። በመንገድ ሲያዩን ወደ ማዶ ይሻገራሉ። አጎታችን በእረፍት ቀን ቆርኪዎቹን በሁለቱም ወገን ደርድረው፣ ከፊት ለፊታቸው ያለውን ወንበር አቧራውን ጠርገው መስኮቱ ሥር ይቀመጣሉ። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ለምን እርስዎ አይሄዱም?» አልኳቸው። «እኔ ብሄድ ጥያቄ ይዤ የመጣሁ ይመስለዋል» አሉኝ። እኔም የከሸፈው ሽጉጥ ያቀያየማቸው መስሎኝ ኖርኩ።

በ2000 ዓ.ም. በጡረታ ተገለሉ። እኔ ቀድሜ ትዳር ይዤ ወጥቼ ነበር። ለዓመታት ጥጥ ወትፈው ሲተኩሱበት የኖሩት ጆሯቸው ያን ጊዜ ጨርሶ ከዳቸው። ስልክ አይሰሙም፤ በር ሲንኳኳ አይሰሙም። በዚህ ምክንያት ቀን ቀን በራቸውን ገርበብ አድርገው ይተዉታል። ሌባ ይገባል ብዬ ስቆጣ፣ «ሌባ ይህን ቤት አይቶ ያዝንልኛል» ብለው ይስቁብኛል። ስመጣ ፊታቸው ይበራል፤ ከኋላዬ ሌላ ሰው እንዳለ ለማየት ግን በትከሻዬ በኩል አሻግረው ይመለከቱ ነበር። ብቸኛ ነበሩ። እየተመላለስኩም፣ ልጆቼን እያመጣሁም፣ ብቸኛ ነበሩ። ያ ወንበር በእኔ የሚሞላ አልነበረም።

ባለፈው ዓመት የልብ ድካም አደረባቸው። ሕመሙ ሲጠናባቸው ከልብስ መስፊያው መሳቢያ የክብሪት ቀፎ አስመጥተው አንዲት ያልተተኮሰች ጥይት አሳዩኝ። በዘረፋው ቀን በሎጋው ሽጉጥ ውስጥ ተጎርሳ የተገኘችው ጥይት ናት። ቃታ የተሳበበት ጥይት ባይፈነዳ እንኳ ቂጡ ላይ የሽጉጡ መቺ መርፌ ምልክት ይቀራል። የዚህችን ጥይት ቂጥ በጣቴ አስዳሰሱኝ፤ ልሙጥ ነበር። ሽጉጧንም ያኔ በአቧራ፣ በውሃ፣ በደካማ እጅ፣ በሚያውቁት መንገድ ሁሉ ፈትነዋታል። አንድም ጊዜ እምቢ አላለቻቸውም።

ሎጋው ቃታውን አልሳቡም ነበር።

አጎታችን ይህን ያወቁት ገና በመጀመሪያው ቀን ነው። መሣሪያ ይዞ ሳይተኩስ ንብረት ያስዘረፈ ዘበኛ ከሥራ ይባረራል፤ ከዘራፊ ጋር ተመሳጥሯል ተብሎ ሊታሰርም ይችላል። ሎጋው ደግሞ የልጆች አባት ነበሩ። ስለዚህ በሽጉጥ ነገር ዋሽተው የማያውቁት ሰው አንድ ጊዜ ዋሹ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ ሽጉጧም እሳቸውም ያለ ጥፋታቸው ተቀጡ። በውሸታቸው ምክንያት የተገዛችውን አዲሷን ሽጉጥ በሞረድ ሲያርሙ የነበሩትም ዘበኞቹ እንዳይከሽፍባቸው ነው። «ሰው መግደል አልቻለም» አሉኝ ድምፃቸው እየደከመ። «ይህ ነውር ነው? ሽጉጥ ነው እንጂ ቃታ ሲሳብ እምቢ ማለት የሌለበት፣ ሰው እኮ እምቢ ይላል።» ቀጥለውም፣ «እሱ ካልተናገረ አንቺ እንዳትናገሪ» ብለው አስማሉኝ። ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብለው የኖሩበትን ዘመን አስቤ አለቀስኩ። እሳቸው ጥይቷን መልሰው ቀፎው ውስጥ ከትተው በእጄ አስያዙኝ።

ሎጋው ሆስፒታል የመጡት ባለፈው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው። በከዘራ፣ ቁመታቸው ጎብጦ። አጎታችን ተኝተው ነበር። ልቀስቅሳቸው ብል በእጃቸው ከለከሉኝ፤ አልጋው አጠገብ ተቀምጠው፣ ያ አፋቸው የማይዘጋው ሰው አንድም ቃል ሳይናገሩ እስኪመሽ ቆዩ። «ነገ እመጣለሁ» ብለውኝ ሄዱ። አጎታችን በማግስቱ ኅዳር 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ማለዳ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ በተወለዱ በ76 ዓመታቸው አረፉ።

ሎጋው እንዳሉት መጡ። ያገኙት ባዶ አልጋ ነው። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው ለማንም ነግረውት የማያውቁትን ለእኔ ነገሩኝ። ከዘራፊዎቹ አንዱ ፊቱን ወደ እሳቸው አዙሮ እንደነበር፣ ጣታቸው ቃታው ላይ ሆኖ አልታዘዝ እንዳላቸው፣ ከዚያ በኋላ ያወጡት ቃል ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሆኖ መመለስ እንዳቃታቸው ነገሩኝ። «አታለልኩት፤ ሥራውንም ስሙንም አሳጣሁት። እሱ ሽጉጡ የከሸፈ መስሎት ሞተ» አሉ።

የተናገሩት እሳቸው ስለሆኑ መሐላዬ ተፈትቷል። የክብሪት ቀፎውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ሎጋው በዘበኝነት የኖሩ ሰው ናቸው፤ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ጥይቷን ገልብጠው ቂጧን አዩ። ደጋግመው አዩ።

«ያውቅ ነበር?» አሉኝ።

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አለኝ?»

«እስኪመጡ ይጠብቁዎት ነበር፣ ጋሽ ሎጋው። ወንበርዎን ማንም አልተቀመጠበትም።»

እንደዚያ ሲያለቅስ ያየሁት ትልቅ ሰው የለም። ሲረጋጉ አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ፤ ይህ ሁሉ በአጎታችን የሕይወት ታሪክ እንዲገባና ሰው ሁሉ ባለበት ጮክ ተብሎ እንዲነበብ። በሽማግሌነት ዘመንዎ ስምዎን አያንሱ ብዬ ተከራከርኳቸው። «የእሱ ስም በእኔ አፍ ነው የወደቀው፤ እኔ ቆሜ ይነሳ» አሉኝ። ስለዚህ በዚህ ወረቀት ላይ የተጻፈው በእሳቸው ፈቃድ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኛ ንጋት ግን ለባለቤቱ አልደረሰም። ይህ ያንገበግበኛል፤ አልደብቅም።

ከድርጅቱ የመጣችሁ የሥራ ባልደረቦቻቸው ሆይ፣ ያቺ አጭር ጥቁር ሽጉጥ አልከሸፈችም። ፈታሹም አልተሳሳቱም። «ይሆናል» ያሉት ይሆን ነበር።

አጎታችን ታላቅ እህታቸውን፣ ያሳደጉኝን እኔንና የልጅ ልጆች ብለው የሚጠሯቸውን ሁለት ልጆቼን ትተው አልፈዋል። አንድ ወንድምም ትተዋል። ይህ ሲነበብ ከሣጥኑ ራስጌ በከዘራቸው የቆሙት እሳቸው ናቸው፤ ቤተሰቡም ሐዘን ሲቀመጥ ቦታቸው መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ነው።

በሐዘናችን አብራችሁን ለቆማችሁ ሁሉ እናመሰግናለን። ፈጣሪ የአጎታችንን ነፍስ ጆሯቸው በሚሰማበት፣ በራቸው በሚንኳኳበት፣ የጠበቁት ሰው በሚደርስበት ሥፍራ ያሳርፍልን።