አሥረኛው ሞተር

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

መጀመሪያ ሕጉ። መንገድ በሚገነጠልበት ቦታ ሁሉ ከመሪው ቀጥሎ ያለው ሰው ቆሞ ለሚከተሉት አቅጣጫ ያሳያል። ቢጫ ሰደርያ የለበሰው የመጨረሻው ሰው ሳይደርስ ከቦታው አይነቃነቅም። ከመጨረሻው ሰው ኋላ ማንም የለም። እሱ ከጠፋ ጠፋ ነው።

የአሮጌ ሞተር ብስክሌት ክበባችን ሲቋቋም ይህን ያረቀቅኩት እኔ ነኝ። ነገ ከመነሳታችን በፊት ላነበው ነው። ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል... ይሁን። ሠላሳ ስምንት ዓመት ያስተማረ ሰው መድገም አይሰለቸውም።

ከሰዓት በኋላ ካንዴላ አጸዳሁ፣ ካቴናውን ዘይት ቀባሁ። ልብስ ሰፊው ወዳጄ የሰደርያውን ዚፕ ቀይሮ ሊያሳየኝ መጣ። ነገ የመጨረሻው ሰው እሱ ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ይህን ሞተር ልትነዳው ነው ወይስ ልትድረው?» አለኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

መጥፎ ቀን።

አሥራ ሁለት ሆነን ወጣን። መሪያችን የጥርስ ሐኪሟ ነበረች። የመጨረሻው መገንጠያ፣ ጡብ ፋብሪካው ጋ፣ ለእኔ ደረሰኝ። እሷና እኔ ስንቀነስ የሚያልፉት አሥር ናቸው። እንደ ልማዴ በትንሿ ደብተር ጭረት ጭረት አደረግኩ። ዘጠኝ አለፉ። ከዚያ በአቧራው ውስጥ አሥረኛው ብቅ አለ፣ ደረቱ ላይ ቢጫ። እንደ ደንቡ ከፊቱ ገብቼ ቀጠልኩ።

ሐይቁ ዳር ስንደርስ ልብስ ሰፊው የለም።

አንድ ሰዓት ጠበቅን። ስልኩ አይሠራም። ሐኪሟ ተመልሳ ፈለገችው። በሌላኛው መንገድ፣ ነዳጅ አልቆበት፣ ሞተሩን ዳገት ሲገፋ አገኘችው። ያ ደረቱን የሚያፍነው ሰው...

«ካቴናዬ ወልቆ ቆምኩ» አለ። «ጠግኜ መገንጠያው ስደርስ ማንም የለም።»

«ቢጫ አይቻለሁ። አሥር ቆጥሬያለሁ።»

«ታዲያ ዋሸሁ?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ዝም አይነቅዝም። አላልኩም።

«ከኋላዬ ሆነህ ስታበቃ ሌላ መንገድ ገብተህ ነው። አሁን አፍረህ ትሸፍናለህ። እኔ ስቆጥር ተሳስቼ አላውቅም።»

ሁሉም ሰሙ። ሰደርያውን አወለቀ። ስፌቱን ስፌት ላይ አግጥሞ አጠፈው። ልብስ ሰፊ ተናድዶም ጨርቅ አይጨማድድም። ኮርቻዬ ላይ አስቀመጠው።

«እዚያ ያቆምንህ እንድትቆጥር አይደለም። እንድትጠብቅ ነው።»

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ለባለቤቴ ነገርኳት። ሽንኩርቷን መክተፍ ሳታቆም፣

«ቁጥሩ ሞላ፣ ሰውዬው ጎደለ። ምን ዓይነት ሒሳብ ነው?»

ደብተሩን አሳየኋት። አሥር ጭረት። አላየችውም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ሱሪ ይዤ ሱቁ ሄድኩ። ማሳጠር የሚያስፈልገው ሱሪ አልነበረም። እሱ ቀድሞ እንዲናገር ጠብቄ መሆን አለበት። ካፈርኩ አይመልሰኝ!

የደንበኛ ትከሻ እየለካ ነበር፣ አፉ ውስጥ ስፒል። ሲጨርስ ስፒሎቹን አንድ በአንድ አወጣ።

«ምን ልታዘዝ? ምን ያህል ይቆረጥልዎ?»

ሠላሳ ዓመት አንተ ሲለኝ የኖረ ሰው።

«ሁለት ጣት» አልኩ። የሚለበስ ሱሪ እንዲቆረጥ ትቼ ወጣሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

የጥርስ ሐኪሟ ደወለች። ልብስ ሰፊው ለሚቀጥለው ጉዞ እንደማይመጣ፣ ከክበቡም እንደወጣ ነግሯታል። ሞተሩን ሊሸጠው ገዢ እየጠየቀ ነው... ከአባቱ የወረሰውን።

«መምህር፣ አይቆጡኝና» አለች። «እኔ ጋ የሚመጣው ሰው ሁሉ የሚያመኝ ይህኛው ጥርስ ነው ብሎ ይምላል። ራጅ ሲነሳ ጎረቤቱ ሆኖ ይገኛል። ሰዉ እኮ አይዋሽም። ያመዋል።»

አልተቆጣሁም። ግን እራቴን አልጨረስኩም።

ቢጫ አይቻለሁ። ምን ነበር ያየሁት?

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ዛሬ የክበቡ ጉዞ የለም። በዚያው ሰዓት፣ ብቻዬን፣ ጡብ ፋብሪካው ጋ ቆምኩ። ደብተር አልያዝኩም።

አርባ ደቂቃ ያህል የጭነት መኪና ብቻ። ከዚያ ከአቧራው ውስጥ አንድ አሮጌ ሞተር መጣ። ነጂው ቢጫ ጀሪካን የሞተሩ ነዳጅ ጋን ላይ አስቀምጦ ደረቱ ላይ አስደግፎታል።

እጄን ዘረጋሁ። ቆመ።

«ወንድሜ፣ ባለፈው እሑድ በዚህ አልፈህ ነበር?»

«እሑድ እሑድ ለእህቴ ወተት አደርሳለሁ፣ አባቴ። እርስዎ አይደሉም እንዴ ያን ዕለት በእጅዎ መንገድ ያሳዩኝ? ሃያ ዓመት የተመላለስኩበትን መንገድ!» ሳቀ። «እኔማ እኒህ ሰውዬ ደግ ናቸው ብዬ አለፍኩ።»

መሳቅ አቃተኝ። ከሄደ በኋላም ቆሜ ቀረሁ። ወዳጄ ካቴናውን ሲጠግን የፈጀበትን ያህል ልቁም ብዬ... ሩብ ሰዓት አይሞላም። ይህችን ነበር መቆም ያቃተኝ?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ስልኬን አያነሳም። ደብዳቤ ጻፍኩ። ባለቤቴ ሱሪውን ልትቀበል ስትሄድ ትሰጠዋለች። ቅጂው ይኸው፦

«ወዳጄ፣

አልዋሸህም። ያየሁት ቢጫ የወተት ጀሪካን ነበር። ባለቤቱን አግኝቼ አነጋገርኩት። የማላውቀውን ሰው ቆጥሬ የማውቀውን ጥዬ ሄድኩ። የራሴን ሕግ ያፈረስኩት እኔው ነኝ።

ያዋረድኩህ በሰው ፊት ስለሆነ ይህንኑ በሰው ፊት እናገራለሁ። ለሐኪሟ ዛሬ ነግሬያታለሁ፤ ለሌሎቹ እሑድ፣ ከመነሳታችን በፊት፣ ሕጉን በማነብበት ሰዓት።

ሰደርያውን ልኬልሃለሁ። እንዳጠፍከው ነው፤ አልዘረጋሁትም። ጡብ ፋብሪካው ጋ የምቆመው እኔ ነኝ። ካቴናህ አሥር ጊዜ ይውለቅ፣ አንተን ሳላይ አልነቃነቅም።

ለዚህ ደብዳቤ መልስ እስክትሰጠኝ ሞተሩን አትሽጠው። እሑድ ከመነሳታችን በፊት፣ እስከ ዓርብ መልስልኝ። ስድብም ቢሆን እቀበላለሁ፤ ብቻ አንተ ብለህ ጀምረው።»